የሂት ፓምፕ ተከላና ጋዝ አሞላል፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ

የሂት ፓምፑ (ቤት የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም ማሽን) የውጭው ክፍል ከካርቶኑ ወጥቶ ቆሟል። የማቀዝቀዝ አቅሙ 10.5 ኪሎ ዋት ነው። የሚሠራው በአር-410ኤ ጋዝ ሲሆን ከፋብሪካው 3.2 ኪሎ ግራም ተሞልቶ መጥቷል። የውስጡ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትንሹ ዓይነት አይደለም፤ አየሩን በላሜራ ቦይ ወደየክፍሉ የሚያከፋፍለው ትልቁ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ይቀመጣል። መፍቻ ከመንካቴ በፊት በማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ሰሌዳ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ፦ የጋዙ ዓይነትና መጠን፣ ያ መጠን ስንት ሜትር ቱቦ እንደሚሸፍን፣ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት፣ የሽቦውና የብሬከሩ ልክ፣ እንዲሁም አምራቹ የሚፈልገው ሰብኩሊንግ (ፈሳሹ፣ ጋዙ ወደ ፈሳሽ ከሚቀየርበት ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደቀዘቀዘ)። የመጨረሻው ቁጥር እስከ ሥራው ማብቂያ ድረስ አያስፈልገኝም። ሆኖም ሰሌዳ በፀሐይ ይነጣል፤ ደብተር ላይ መኖሩ አይከፋም።

የቤቱ ባለቤት ዕቃዬን ገና ሳላወርድ የጠየቁኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ነው። «ጋዙ በየስንት ጊዜ ነው የሚሞላው?» «ካላፈሰሰ አይሞላም፣ ጋሼ» አልኳቸው። ጋዙ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ አንዱ ጋ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ ሌላው ጋ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ የወሰደውን ይሰጣል። መጠኑ ከቀነሰ በአንድ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። በየዓመቱ ጋዝ የሚጨመርለት ማሽን በየዓመቱ የሚያፈስ ማሽን ነው፤ ጨማሪው ባለሙያም ቀዳዳውን ሳይፈልግ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደ ሰው ነው። ጋሼ ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

ቦታ መረጣው ብዙ አላስቸገረም። መመሪያው ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር፣ በጥገና በሩ በኩል 60 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይጠይቃል፤ ማሽኑ አየሩን በጎኖቹ ስቦ ወደ ላይ ስለሚተፋ ከአናቱም ምንም መኖር የለበትም። ባለቤቱ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንዲገባ ፈልገው ነበር፤ ከዝናብ ይጠለላል ብለው። ዝናብ ግን ማሽኑን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደው ጅረት ነው፤ በብርድ ወቅት ጥቅል ቱቦው ላይ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ከመኝታ ክፍል መስኮትም አራቅነው።

የኮንክሪት መቀመጫው ላይ ማሽኑን 15 ሳንቲ ሜትር በሚያህል የብረት እግር አነሳሁት። ማቀዝቀዣ ብቻ ቢሆን ይህ አያስፈልግም ነበር። ሂት ፓምፕ ግን ቤት በሚያሞቅበት ጊዜ ከውጭው አየር ሙቀት የሚስበው ራሱን ከአየሩ በታች አቀዝቅዞ ነው፤ ስለዚህ የውጭው ጥቅል ቱቦ ውርጭ ይይዛል፤ ማሽኑም በየመሐሉ ያቀልጠዋል። ያ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ካጣ ሥሩ ላይ ተመልሶ ይረጋና ወደ ላይ እያደገ ጥቅሉን ይነካዋል። በውሃ ልክ አራቱንም ጎን አስተካክዬ በብሎን አሰርኩት።

ማክሰኞ

ዛሬ ቱቦ ነው። ሁለት የመዳብ ቱቦዎች አሉ፦ ቀጭኑ 9.52 ሚሊ ሜትር፣ የፈሳሹ፤ ወፍራሙ 19.05 ሚሊ ሜትር፣ የጋዙ። ከማሽን ማሽን 13 ሜትር ወጣ። ይህን ርዝመት በደብተሬ ላይ በሳጥን ከበብኩት፤ የዓርቡ የጋዝ ሒሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። በግምት «አሥራ ምናምን ሜትር» ያለ ሰው በኋላ ሚዛኑ ላይም በግምት ይሞላል።

ቱቦ ሲቆረጥ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ጠርዝ በሪመር ማንሳት ግዴታ ነው፤ ሲነሳ ግን የቱቦው አፍ ወደ መሬት መዞር አለበት። ረዳቴ የቱቦውን አፍ ወደ ሰማይ አድርጎ ሲፍቅ አስቆምኩትና «ብናኙ የት የሚገባ ይመስልሃል?» አልኩት። መልሱን ራሱ አገኘውና ቱቦውን ገለበጠው። የተቆረጠው አፍ ሁሉ ወዲያው በክዳን ይዘጋል፤ ለምሳ ዕረፍትም ቢሆን። የአር-410ኤ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ሰው ሠራሽ ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ኃይሉ ብርቱ ነው፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ አሲድ ይሆንና የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ክፍል) የሞተር ጥቅል ይበላዋል። ክፍት የተተወ ቱቦ ዛሬ ምንም አያሳይም፤ የሚያሳየው ዋስትናው ካለቀ በኋላ ነው።

ወፍራሙ ቱቦ በሙሉ ርዝመቱ የጎማ ሽፋን ለበሰ። ማቀዝቀዝ ላይ ሳለ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ካልተሸፈነ ያልበዋል፤ ላቡም ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ማሞቅ ላይ ሳለ ደግሞ ያው ቱቦ ከኮምፕሬሰሩ የወጣውን ትኩስ ጋዝ ተሸካሚ ይሆናል፤ ባዶውን በእጅ አይጨበጥም። በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ቀዳዳ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል እንዲል ተቦርቡሮ የፕላስቲክ ማለፊያ ገባበት። ከቤት ውጭ ያለው ሽፋን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው መሸፈኛ ለበሰ።

የውስጡ ክፍል የውሃ መውረጃ ፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር እየወረደ ተዘረጋ፤ መነሻው ላይ ውሃ የሚቋጥር ጉልበት አለው። ጉልበቱ ከሌለ ማራገቢያው በዚያው ቱቦ አየር ይስባል፤ ውሃውም መውረድ ይቸግረውና ከመያዣው ሞልቶ ይፈሳል። ከማሽኑ ሥር ትርፍ መያዣ ላሜራ አስቀምጬ ውሃ ሲደርስበት ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ገጠምኩ። ኮርኒስ ላይ የሚቀመጥ ማሽን ያለዚህ መሣሪያ አይተከልም ባይ ነኝ።

ረቡዕ

የብየዳ ቀን። የብየዳው ዘንግ 15 በመቶ ብር ያለበት የመዳብና የፎስፈረስ ቅይጥ ነው። ዘንጉ ከ643 ዲግሪ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ 802 ላይ ሙሉ በሙሉ ይፈሳል። መዳቡ ራሱ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ እጅ ከቸኮለ ቱቦ መብሳት ይቻላል። መዳብን ከመዳብ ለመበየድ ከዚህ ዘንግ ጋር ፍላክስ (ኦክሳይድ የሚያጸዳ የብየዳ ቅባት) አያስፈልግም፤ ፎስፈረሱ ሥራውን ይሠራል።

የብየዳው ዋና ጉዳይ ግን ከውጭ የማይታየው ነው። መዳብ በአየር ውስጥ ሲግል ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ ኦክሳይድ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ጋዙና ዘይቱ እያጠቡ ያራግፉትና ወስደው የማስፋፊያውን ቫልቭ (ፈሳሹን እየመጠነ ወደ ዝቅተኛ ግፊት የሚያሳልፈውን) ወንፊት ይደፍኑታል። ከዚያ ማሽኑ ጋዝ ያነሰው ይመስላል፤ አንዱ መጥቶ ጋዝ ይጨምራል፤ ነገሩ ይባባሳል። መከላከያው ቀላል ነው፦ በሚበየደው ቱቦ ውስጥ ናይትሮጂን እየፈሰሰ መበየድ። በደቂቃ 2 ወይም 3 ሊትር ይበቃል፤ በሌላው ጫፍ እጅ ሲቀርብ እንደ ተኛ ሕፃን ትንፋሽ ቢሰማ ልክ ነው። ከበዛ የቀለጠውን ብር ከመጋጠሚያው ይገፋዋል፤ ጫፉ ከተዘጋ ደግሞ ግፊት ይጠራቀምና ብየዳውን ይበሳዋል። ነበልባሉ ከጠፋም በኋላ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ናይትሮጂኑ አይቆምም።

የውጭው ማሽን ቫልቮች ውስጥ ጎማ አለ፤ የፋብሪካው ጋዝም ከእነሱ ጀርባ ታስሮ ነው ያለው። ስለዚህ በቫልቮቹ የመለኪያ ቀዳዳ ውስጥ ያሉትን መርፌዎች አውጥቼ፣ ቫልቮቹን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ነበልባሉን ከማሽኑ ወደ ውጭ አዙሬ በየድኩ። የማስፋፊያውን ቫልቭ የሙቀት አንጓ (ቱቦው ላይ የሚታሰረውን ሙቀት ተቀባይ) ደግሞ ከቱቦው ፈትቼ ራቅ አድርጌዋለሁ።

በፈሳሹ ቱቦ ላይ እርጥበት የሚመጥ ማጣሪያ ገባ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የተለመደው ማጣሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በላዩ ቀስት አለ። በሂት ፓምፕ ግን ፈሳሹ ሲያቀዝቅዝ ወደ ውስጥ፣ ሲያሞቅ ወደ ውጭ ይሄዳል። ባለ አንድ አቅጣጫ ማጣሪያ ከተገጠመ በአንዱ ወቅት የሰበሰበውን ቆሻሻ በሌላው ወቅት ይተፋዋል። የገጠምኩት ባለ ሁለት ቀስት ነው።

አንድ የተረፈ የብየዳ ናሙና በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ ለረዳቴ አሳየሁት፤ ውስጡ እንደ አዲስ መዳብ ያበራል። ያለ ናይትሮጂን የበየድኩትን ሌላ ቁራጭም ከጎኑ አስቀመጥኩ። በጣቱ ሲነካው ጥቁሩ ተላጠ። ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱን እንዲከፍት ማስታወስ አላስፈለገኝም።

ረቡዕ ማታ

የፍሳሽ ፍተሻ በናይትሮጂን። ኦክስጅን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ዘይት ካለበት ቦታ በግፊት ሲገባ ይፈነዳል። የጠርሙሱ ግፊት ከማሽኑ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ያለ ግፊት መቀነሻ መክፈትም እንዲሁ አይታሰብም።

በደረጃ ነው የሚወጣው። በመጀመሪያ 4 ባር፤ ትልቅ ቀዳዳ ካለ እዚያው ይጮኻል። ከዚያ 15 ባር። በዚህ ደረጃ የሳሙና አረፋ ሁሉንም መጋጠሚያ ጎበኘ። የኔ ብየዳዎች ዝም አሉ፤ በውስጡ ክፍል የፍተሻ ቀዳዳ ላይ ያለችው ከፋብሪካ የመጣች መርፌ ቫልቭ ግን ቀስ እያለች አረፋ ነፋች። በሌላ ተቀየረች። ከዚያ የውስጡ ጥቅል ሰሌዳ የሚፈቅደውን አይቼ 31 ባር ላይ አደረስኩትና ጠርሙሱን አለያየሁ። የአካባቢው ሙቀት 24 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ አንዱ ያለ ሌላው ነገ ጠዋት ትርጉም የለውም።

ሐሙስ ጠዋት

ጌጁ 29.9 ባር ያነባል። ረዳቴ ፊቱ ወደቀ። የአየሩ ሙቀት ግን 14 ዲግሪ ነው። የታሰረ ጋዝ ግፊቱ ከፍጹም ሙቀቱ ጋር አብሮ ይወርዳል፦ 31 ባር ላይ የከባቢ አየሩን 1 ባር ስንጨምር 32፤ ይህ በ287 ሲባዛና በ297 ሲካፈል 30.9፤ የከባቢው 1 ባር ሲቀነስ 29.9። ጌጁ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ መሥመሩ አልፈሰሰም። ሙቀቱን ሳይጽፍ የሄደ ሰው በዚህ ሰዓት የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ ወይም ይባስ ብሎ የእውነተኛውን ቀዳዳ ፍሳሽ በብርዱ ያመካኛል።

ናይትሮጂኑን በቀስታ ለቀቅኩ። አሁን የሥራው ልብ ወደሆነው እንሂድ።

ቫኪዩም (መሥመሩን በፓምፕ ባዶ ማድረግ) አየር ማውጣት ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። አየሩ ቶሎ ይወጣል፤ ጊዜ የሚፈልገው ውሃው ነው። ውሃን ከመዳብ ቱቦ ውስጥ መጥረግ አይቻልም፤ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ በራሱ እንዲፈላ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ። በ25 ዲግሪ ውሃ የሚፈላው ግፊቱ ወደ 24,000 ማይክሮን (የዝቅተኛ ግፊት መለኪያ) ሲወርድ ነው፤ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል 760,000 ማይክሮን መሆኑን ያስቧል። የማኒፎልዱ (ጌጆቹና ሆዞቹ የሚያያዙበት መሣሪያ) ሰማያዊ ጌጅ ይህን አያነብም። መርፌው ዝቅተኛው ጭረት ላይ ደርሶ ሲቆም 20,000 ይሁን 500 መለየት አይችልም። «ጌጁ ወደ መጨረሻው ወርዷል፣ ለግማሽ ሰዓትም ሠርቷል» የሚለው አባባል ስለዚህ ምንም አይነግረኝም። ለዚህ ሥራ የማይክሮን መለኪያ ያስፈልጋል፤ ቦታውም ፓምፑ ላይ ሳይሆን ከፓምፑ በራቀው የመሥመሩ ጫፍ ነው። ፓምፑ ጋ የተገጠመ መለኪያ የፓምፑን ብርታት ነው የሚናገረው።

የሚያዘገየው ሌላው ነገር ቀጭን ሆዝና በየቀዳዳው ያሉት መርፌዎች ናቸው። መርፌዎቹን በማውጫ መሣሪያ አወጣሁ፤ ወፍራም ሆዝ በቀጥታ ከፓምፑ ጋር አያያዝኩ፤ ማኒፎልዱን ከመሐል አስወገድኩ። የፓምፑን ዘይትም አዲስ አደረግኩ። እርጥበት የጠጣ የፓምፕ ዘይት ነጣ ብሎ ወተት ይመስላል፤ በእንዲህ ያለ ዘይት የትም አይደረስም።

ንባቡ እስከ 5,000 ድረስ እየሮጠ ወረደ። ከዚያ ዘገየ፤ 1,600 አካባቢ ላይ ቆመ። ይህ የእርጥበት ጠባይ ነው። ሌላም ተንኮል አለ፤ ከ4,580 ማይክሮን በታች ፈጥኖ ሲወረድ በአንድ ጥግ የተኛች የውሃ ጠብታ እየተነነች ራሷን አቀዝቅዛ ወደ በረዶነት ልትቀየር ትችላለች፤ በረዶው ደግሞ በጣም በዝግታ ነው የሚተነው። ስለዚህ ፓምፑን ዘግቼ ደረቅ ናይትሮጂን ከከባቢ አየር ትንሽ ከፍ እስኪል ድረስ አስገባሁ፤ ጥቂት ቆይቶ እርጥበቱን ተሸክሞ እንዲወጣ ለቀቅኩት። እንደገና ፓምፕ። አሁን 700 ደረሰ። እንደገና ናይትሮጂን፣ እንደገና ፓምፕ። በመጨረሻ 290።

290 ግን ፓምፑ እየሠራ የተነበበ ነው፤ እውነቱ የሚታወቀው ሲቆም ነው። ቫልቩን ዘግቼ ፓምፑን አጠፋሁና ሰዓት ያዝኩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ 380 ወጣና እዚያው ቀጥ አለ። ንባቡ ሳያቋርጥ እየወጣ ቢሄድ ቀዳዳ አለ ማለት ነበር። ወጥቶ ከአንድ ሺሕ በላይ አንድ ቦታ ቢረጋ የቀረ እርጥበት ነው። ከ500 በታች ሆኖ ከረጋ መሥመሩ ደርቋል፣ ተዘግቷልም። በዚህ ሙያ ከሁሉ የምወደው ሰዓት ይሄ ነው፤ ምንም የማይሠራበት፣ ቁጥር ብቻ የሚታይበት። ባለቤቱ መጥተው «ቆማችሁ ነው የምትውሉት?» አሉ። አዎ፣ ጋሼ።

ሐሙስ ከሰዓት

ኤሌክትሪክ። ለማሽኑ ብቻ የተለየ መሥመር፣ ከማሽኑ አጠገብ በእይታ ርቀት ማቋረጫ፣ በሰሌዳው የተጻፈው የብሬከር ልክ፣ ምድር ሽቦ። ማሰሪያ ብሎኖቹን በእጄ ፈተሽኩ፤ ከፋብሪካ የላሉ ይገኛሉ።

የቴርሞስታቱ መሥመር 24 ቮልት ነው። ከሌላ ማሽን የሚለየው አንዲት ሽቦ አለች፤ የጋዙን ጉዞ የሚያዞረውን አቅጣጫ ቀያሪ ቫልቭ የምታዘው። አንዳንዱ አምራች ቫልቩን ሲያቀዝቅዝ በኤሌክትሪክ ያነቃዋል፣ ሌላው ሲያሞቅ። በቴርሞስታቱ ምርጫ ውስጥ ይህ ከተገለበጠ ቤቱ ሙቀት ሲጠይቅ ብርድ ያገኛል። የዚህኛው ሲያቀዝቅዝ የሚነቃው ዓይነት ነው።

ብሬከሩን አብርቼ ቴርሞስታቱን አጥፍቼ ተውኩት። ምክንያቱም በኮምፕሬሰሩ ሥር የተጠመጠመች ማሞቂያ አለች። ቀዝቃዛ ኮምፕሬሰር ውስጥ ጋዙ ፈሳሽ እየሆነ ከዘይቱ ጋር ይዋሃዳል፤ እንደዚያ እያለ ከተነሳ ዘይቱ አረፋ ሆኖ ይወጣና ተሸካሚዎቹ (ቤሪንጎቹ) ደረቅ ይሆናሉ። ሌሊቱን ሙሉ ትሙቅ። ይህን ትዕግሥት ያጣ ሰው አዲስ ኮምፕሬሰር በመጀመሪያው ቀን ያስረጃል።

ዓርብ

ጋዝ። ሥራው ሁሉ በዚህ ስም ነው የሚጠራው፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ከሁሉ ያነሰ ነው።

ሒሳቡ፦ የፋብሪካው 3.2 ኪሎ ግራም 4.6 ሜትር ቱቦ ይሸፍናል። የኛ 13 ሜትር ነው፤ ትርፉ 8.4 ሜትር። ለ9.52 ሚሊ ሜትር የፈሳሽ ቱቦ መመሪያው በሜትር 56 ግራም ይላል፤ 470 ግራም ይጨመራል ማለት ነው። ጠቅላላው 3.67 ኪሎ ግራም። የሚታሰበው የፈሳሹ ቱቦ ብቻ ነው፤ በወፍራሙ ውስጥ ያለው ጋዝ ክብደቱ ኢምንት ነው።

አር-410ኤ ሁለት ጋዞች በክብደት እኩል የተቀላቀሉበት ነው፤ አር-32 እና አር-125። ከጠርሙሱ በጋዝነት ቢወጣ አንዱ ከሌላው ይቀድማልና ቅልቅሉ ይዛባል። ስለዚህ በፈሳሽነት ነው የሚወጣው፤ ጠርሙሱ ይገለበጣል። ሚዛኑን በጠንካራ ወለል ላይ አደረግኩ፤ ሆዙ እንዳይጎትተው አሰርኩት፤ በውስጡ ያለውን አየር አስወጥቼ ዜሮ አደረግኩ። 1.5 ሜትር ሆዝ ውስጥ ወደ 40 ግራም ፈሳሽ ይቀራል፤ ዜሮ የሚደረገው ሆዙ ከሞላ በኋላ የሆነው ለዚህ ነው።

የውጭው ማሽን ቫልቮች ገና ዝግ ናቸው፤ መሥመሩ ቫኪዩም ላይ ነው። በፈሳሹ በኩል የጠርሙሱን ቫልቭ ስከፍት ጋዙ ያለማንም ግፊት ራሱ ሮጦ ገባ። 470 ላይ ዘጋሁ። ከዚያ በብሩጎላ መጀመሪያ የፈሳሹን ቫልቭ በቀስታ፣ ቀጥሎ የጋዙን ከፈትኩ፤ እስኪቆም ብቻ፣ ሳላስጨንቀው። የቫልቮቹ ክዳኖችም ተመልሰው ጠበቁ። ክዳኑ ጌጥ አይደለም፤ ዋናው ማሸጊያ እሱ ነው።

ጠዋት ውጭው 13 ዲግሪ ስለሆነ በማሞቅ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት ግን ሰማያዊውን ሆዝ ከወፍራሙ ቱቦ ቫልቭ ነቀልኩ። በማቀዝቀዝ ጊዜ ያ ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ ማሞቅ ላይ ግን አቅጣጫ ቀያሪው ቫልቭ ሲዞር የኮምፕሬሰሩን ሙሉ ግፊት ይቀበላል። ለ8 ወይም 9 ባር የለመደ ጌጅ በድንገት ከ20 ባር በላይ ያገኘዋል። ማሞቅ ላይ ሳለ የኮምፕሬሰሩን መምጠጫ ለማንበብ የተለየ ቀዳዳ አለ፤ በአቅጣጫ ቀያሪው ቫልቭና በኮምፕሬሰሩ መካከል ያለው። እሱ ላይ ሰካሁ።

ማሽኑ ተነሳ። ከአየር ማውጫው የሚመጣው አየር 37 ዲግሪ ደረሰ፤ የሚገባው 21 ነው። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው «ብዙም አይፋጅም» አሉ። አይፋጅም፤ እሳት የለበትማ። የአየሩን ፍሰት አስቀድሜ ለክቼው ነበር፤ በሰዓት 2,040 ሜትር ኩብ፤ ይህም በሴኮንድ 0.567 ነው። በ16 ዲግሪ ልዩነት ሲሰላ ወደ 11 ኪሎ ዋት ሙቀት ቤት ይገባል። ከመሥመሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ደግሞ 3 ኪሎ ዋት ነው። ከከፈሉት ሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ሙቀት፤ የተረፈው ከውጭው ብርድ አየር የተለቀመ ነው። ሎርድ ኬልቪን በ1852 እ.ኤ.አ. ሕንፃን በዚህ መንገድ ማሞቅ እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ጋሼ ይህን ስነግራቸው የተደነቁት በቁጥሩ እንጂ በኬልቪን አይደለም።

ቀትር ላይ ውጭው 27 ዲግሪ ሲደርስ ወደ ማቀዝቀዝ ዞርኩ። የሰብኩሊንግ ፍተሻ በብርድ አየር አይታመንም፤ ስለዚህ ነው የጠበቅኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ የተነበበው፦ በፈሳሹ በኩል 21.9 ባር። በዚህ ግፊት አር-410ኤ ወደ ፈሳሽ የሚቀየረው በ37.8 ዲግሪ ነው፤ የቱቦው ሙቀት ግን 32.1። ልዩነቱ 5.7 ዲግሪ፤ ይኸው ነው ሰብኩሊንግ ማለት። ሰሌዳው 5.5 ይላል። በመምጠጫው በኩል 9 ባር፤ የሚተንበት ሙቀት 7.2፣ የቱቦው 13፤ ልዩነቱ፣ ሱፐርሂት የሚባለው፣ 5.8። የማስፋፊያው ቫልቭ ሥራውን እየሠራ ነው።

የቱቦው ሙቀት የሚለካው በንጹሕ መዳብ ላይ በጠበቀ መቆንጠጫ ሲሆን ላዩም ይሸፈናል። በርቀት የሚጠቆመው የጨረር መለኪያ በሚያብረቀርቅ መዳብ ላይ ይዋሻል።

ረዳቴ «ትንሽ ብንጨምርለት አይበረታም?» አለኝ። አይበረታም። የበዛ ጋዝ በኮንደንሰሩ (ጋዙ ወደ ፈሳሽ በሚመለስበት ጥቅል) ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይከማቻል፤ ግፊቱ ይወጣል፣ ኤሌክትሪኩ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው አይጨምርም። ሚዛኑ 470 አለ፣ ሰብኩሊንጉም መሰከረ። እነዚህ ሁለቱ ባይስማሙ ኖሮ ጠርሙሱን ከመንካቴ በፊት የአየር ፍሰቱን፣ ማጣሪያዎቹንና የቱቦውን ርዝመት እንደገና አይ ነበር። የአየር ፍሰት ያነሰው ማሽን ጋዝ ያነሰው ማሽን ይመስላል፤ በየቤቱ ከመጠን በላይ ጋዝ የጠጡ ማሽኖች ምክንያታቸው በብዛት ቆሻሻ የአየር ማጣሪያ ነው።

ሆዞቹን ስፈታ በውስጣቸው የቀረውን ፈሳሽ ማሽኑ በመምጠጫው በኩል በቀስታ እንዲወስደው አደረግኩ። ወደ አየር መልቀቅ የለም። አንድ ኪሎ ግራም አር-410ኤ አየር ውስጥ ሲገባ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚያስከትለው ሙቀት ከሁለት ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚያስከትለው ጋር ይተካከላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በኪጋሊ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል (የኦዞን ሽፋንን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማሻሻያ የጸደቀውም የዚህ ዓይነት ጋዞችን አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ነው። የሚቀጥለው ማሽን በአር-32 የሚሠራ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ እሱ ደግሞ በመጠኑም ቢሆን የሚቀጣጠል ስለሆነ ከነበልባል ጋር ያለኝ ልማድ መለወጥ ይኖርበታል።

ቅዳሜ

ውርጭ የማቅለጥ ሙከራ። በውጭው ማሽን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ሁለት የሙከራ እግሮች በማገናኘት ማሽኑ ውርጭ እንዳለበት ቆጥሮ እንዲሠራ ተደረገ። የውጭው ማራገቢያ ቆመ፤ አቅጣጫ ቀያሪው ቫልቭ ፉጨት መሰል ድምፅ አሰምቶ ዞረ፤ ትኩስ ጋዝ ወደ ውጭው ጥቅል ሄደ። በውስጥ በኩል ቤቱ እንዳይበርድ ትርፉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በራ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ለጋሼ አስቀድሜ ነገርኳቸው፦ በብርድ ቀን ማራገቢያው ቆሞ ከማሽኑ ጭስ የሚመስል እንፋሎት ሲወጣ ቢያዩ ብሬከር እንዳያጠፉ።

በጥገና በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፍኩ፦ ጠቅላላ ጋዝ 3.67 ኪሎ ግራም፣ የቱቦ ርዝመት 13 ሜትር፣ ሰብኩሊንግ 5.7፣ ሱፐርሂት 5.8፣ ውጭ 27፣ ውስጥ 24 ዲግሪ፣ ቫኪዩም 380 ረግቶ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ ጠርሙስ ከማንሳቱ በፊት ከነዚህ ጋር ያመሳክር። የአየር ማጣሪያው የት እንዳለና እንዴት እንደሚወጣ ለጋሼ አሳየኋቸው፤ አውጥተው መልሰው ራሳቸው ገጠሙት።

የቀረው አንድ ነው፤ አየሩ ከዜሮ በታች ሲወርድ ተመልሼ በእውነተኛ ውርጭ ላይ የማቅለጡን ሥራ አያለሁ፤ ከማሽኑ ሥር የሚወርደው ውሃም ወዴት እንደሚሄድ።